የሲስተር ቆይ ስድስት ሳምንት

በስሟ የሚጠራት የለም። በኢንዶስኮፒ ክፍሉ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራችው ነርስ ለሁሉም «ሲስተር ቆይ» ናት። ቅጽል ስሙን ያወጡላት ሐኪሞቹ ናቸው። ሆድን ከውስጥ የሚያሳየው ቱቦ በበሽተኛው አፍ ሊገባ ሲል እጇን አንሥታ «ቆይ» ትላለች፤ ለተለማማጁም ለክፍሉ ኃላፊም እኩል። ከዚያ በሽተኛው በማደንዘዣው ሳይተኛ ጎንበስ ብላ ትጠይቀዋለች። ቀደም ሲል የት ታከመ? ምን አደረጉለት? ሆዱ ውስጥ የገባ ነገር አለ? ካርዱ ላይ ያለውን ምን ያስጠይቃል ሲሏት ጆሮ ዳባ ልበስ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ።

ይህ አመል የመጣባት እንዲሁ አይደለም። እሷ ገና ዝምተኛ ጀማሪ ነርስ ሳለች አንዲት ልብስ ሰፊ ካንሰር ነው ተብሎ ሆዷ ተከፈተ። የተገኘው የተቆጣ ሥጋ ብቻ ነበር፤ ሴትዮዋም ከዚያ አልጋ አልተነሣችም። ልብስ ሰፊዋ ስለ ቀድሞ ሕክምናዋ የነገረቻትን ሲስተሯ ለማንም አልተናገረችም ነበር፤ የጠየቃት የለማ። «ዝም አይነቅዝም ይላሉ» ትላለች ዛሬ፤ «የነቀዝኩትን እኔ አውቃለሁ።»

ሾፌሩ የመጣው ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነው፤ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ፣ ቀልድ የሚወድ ሰው። ሐሞት ከጉበት ወደ አንጀት የሚወርድበት መንገድ ቆሽቱ አጠገብ ጠብቦበታል። ያጠበበው ምን እንደሆነ አልታወቀም፤ ሁለት ጊዜ ናሙና ተወስዶ ሁለቴም «አይለይም» ተባለ። ካንሰር ከሆነ የቆሽቱ ራስ፣ የሐሞት መንገዱና የአንጀቱ ክፋይ ተቆርጦ ይወጣል።

ሆስፒታሉ አዲሱን መሣሪያ ያስመጣው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። በኢንዶስኮፒው ቱቦ ውስጥ ሌላ እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ይገባል፤ ጫፉ ማይክሮስኮፕ ነው። በክንድ ደም ሥር የሚያበራ ቀለም ይሰጥና፣ ሽቦው ሥጋውን ሲነካ በዓይን የማይታየው ሁሉ ገዝፎ እዚያው ስክሪኑ ላይ ይታያል። ሐኪሙ ዋናውን መሣሪያ ይይዛል፤ ሽቦውን በስሱ የምትገፋው ሲስተር ቆይ ናት። እጇ ከተንቀጠቀጠ ምንም አይታይም።

«ቆይ» አለች እንደ ልማዷ። «አባቴ፣ ከዚህ በፊት ሆድዎ ውስጥ የገባ ነገር ነበር?»

«ሌላ ከተማ ሐሞቱ እንዲወርድ የፕላስቲክ ቱቦ ከትተውልኝ ነበር። ሦስት ወር ይዤው ያለፈው ሳምንት አወጡልኝ። ካርዱ ላይ የለም እንዴ?»

ካርዱ ላይ አልነበረም። ምርመራው ሲጀመር ስክሪኑ ላይ ወፋፍራም ጥቁር ሰረዞች ወጡ። መሣሪያውን የያዘው ወጣት ሐኪም «ካንሰር ነው» አለ።

«ቱቦ ነበረው፣ ዶክተር። ሦስት ወር ሲፋቅ የከረመ ሥጋ ይቆጣል። ሲቆጣም እንዲህ ይመስላል።»

«ሲስተር፣ ሥዕሉን የማነበው እኔ ነኝ። አንቺ መሣሪያውን እጠቢ።»

አጠበች። እጇን አድርቃ ለሾፌሩ ሴት ልጅ ስልክ ደወለች።

ሐሙስ ሐሙስ ሐኪሞቹ ተሰብስበው በከባድ በሽተኞች ላይ ይወስናሉ። ሲስተር ቆይ የምርመራውን ቪዲዮ ታጫውታለች፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የሚጠብቅባት የለም። ዋናው ቀዶ ሐኪም «ሰኞ እንክፈተው» ሲል ቪዲዮውን አቆመችው።

«ቆይ።»

አንዱ ሳቀ። እሷ ከኪሷ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። የሾፌሩ ልጅ ቤት ፈትሻ ያመጣችው የዚያኛው ሆስፒታል ወረቀት ነው፤ ቱቦው የገባበትም የወጣበትም ቀን ተጽፎበታል።

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው» አለች። «ሥጋው ይብረድና በስድስት ሳምንት ደግመን እንየው።»

«ካንሰር ቢሆንስ?» አለ ቀዶ ሐኪሙ፤ ክፋት አልነበረበትም። «ለካንሰር ስድስት ሳምንት ብዙ ነው። ማን ሊጠየቅበት ነው?»

«እኔ። ስሜን ጻፉበት። ቅጽሉን አይደለም፣ ስሜን።»

ጻፉበት። ሾፌሩም ሲጠየቅ፣ «እኔ መስታወት ሳላይ ታጥፌ አላውቅም፤ ደግማችሁ እዩ» አለ።

በየሳምንቱ መስኮት አጠገብ አቁማ ዓይኑን ታየዋለች። በሦስተኛው ሳምንት እንደገና ወየበ። የደም ምርመራው ቢጨምርም ለቀዶ ሕክምና ከሚያስቸኩለው ልክ አላለፈም፤ እሷ ግን ፈራች። ሰው ገድዬ ይሆን አለች በልቧ። ወጣቱ ሐኪም ኮሪደር ላይ ሲያገኛት መንገድ ይለውጣል፤ ቢሰድባት ይቀላት ነበር። የያዛት ካፈርኩ አይመልሰኝ አልነበረም፤ ያንን ሥዕል ደግማ ደጋግማ አይታው ልቧ አልተቀበለውም። በአምስተኛው ሳምንት ዓይኑ ጠራ።

በስድስተኛው ቀለሙ ተሰጠና ሽቦውን ገፋች። ወፋፍራሞቹ ሰረዞች የሉም። ስስ መረብና ቀጫጭን የደም ሥሮች ብቻ። ወጣቱ ሐኪም ከስክሪኑ ወደ እሷ ዞረ።

«ሲስተር፣ ምን ይታይሻል?»

«እኔ የማጥብ ነኝ።»

«ተይ እንጂ።»

«መጀመሪያ ካርዱ ላይ ቱቦ ነበረው ብለህ ጻፍ። ከዚያ እነግርሃለሁ።»

ናሙና ወስዶ መሣሪያውን አወጣ። ጓንቱን አውልቆ ጻፈ። እሷም ያየችው የበረደ ሥጋ እንጂ ካንሰር እንዳልሆነ ነገረችው፤ ከቀናት በኋላ የመጣው የናሙና ውጤትም ንጹሕ ነበር።

ሾፌሩ ያን ዕለት ከማደንዘዣው ሲነቃ መጀመሪያ የፈለገው ሆዱን ነው። «ቀደዳችሁኝ እንዴ?»

«ማን ያስቀድድዎታል፣ አባቴ። ሆድዎ እንደነበረ ነው።»

መዳፉን ሆዱ ላይ ጭኖ ዓይኑን ጨፈነ። ሲስተር ቆይ መሣሪያውን ይዛ ወደ ማጠቢያው ሄደች። ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው፤ ማንም እንዳይሰማት።

«ላንቺም ቆይ ማለት ነበረብኝ» አለቻት፣ ያኔ ከአልጋ ያልተነሣችውን ልብስ ሰፊ።