የጄቢ የእንጨት ውታፍ

መጀመሪያ የተቋረጠው ዘፈኑ ነው። ጄቢ ጩኸቱን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ነጭ ጉም ከሚኒባሷ የኋላ ወንበር ሥር ተነሥቶ ለቀብር ቀይና ጥቁር የለበሱትን ሴቶች እየዋጠ ወደ ፊት ሲመጣ፣ እሱ ከሹፌሩ ጎን አንገቱን ወደ ኋላ እንዳዞረ ደርቆ ቀረ። እዚያ ጉም ውስጥ አማቱ አሉ። ያንን ወንበር የሠራላቸው ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

ጄቢ የሚሠራው በጋናዋ ከተማ በኩማሲ፣ ሱዋሜ በሚባለው የጋራዦች ሰፈር ነው። ሱዋሜ ውስጥ ሰው ሁሉ አንድ ሙያ አለው፤ ሞተር የሚገጥም ሞተር ይገጥማል፣ ወንበር የሚሰፋ ወንበር ይሰፋል፣ አንዱ በሌላው አይገባም። የጄቢ ሙያ ማሞቂያ መንቀል ነው። ከብርድ አገር በመርከብ ተጭነው የሚመጡ ሚኒባሶች ከኋላ ወንበራቸው ሥር የባዕድ ምድጃ አርግዘው ይመጣሉ። ቆርቆሮ በፀሐይ በሚግልበት አገር ማሞቂያ ማንን ሊያሞቅ? ጄቢ ሣጥኑን ፈትቶ ያወጣዋል፤ ፍል ውሃ ከሞተሩ የሚያመጣውንና የሚመልሰውን ሁለት ቱቦ ይቆርጣል፤ አፋቸውን ኦዱም ከሚባለው ጠንካራ እንጨት በጠረበው ውታፍ ደፍኖ ፋሼታ በሚሉት የብረት ማሰሪያ ጥርቅም ያደርገዋል። ሲጠርብ ያንጎራጉራል። ያንጎራጎረለት ውታፍ ጠብ አይልም ይባላል። “ጄቢ የዘጋውን አፍ መብረቅም አይከፍተው” ይላል ሰፈሩ፤ እሱም ይህን ሲሰማ ከእንጨቱ ላይ ቀና ሳይል ፈገግ ይላል።

ሚስቱ ፎፊዬ ከለቅሶ ዘፋኞቹ አንዷ ናት። ሴቶቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀብር ወደ ቀብር እየዞሩ ሟችን በዜማ ይሸኛሉ። ዜማ አውጪያቸው የፎፊዬ እናት እማማ ኛንታቺዋ ናቸው፤ ድምፃቸው ሲነሣ የደረቀ ዓይን እንኳ ይረጥባል። አሁን ግን ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏል። የዘፋኞቹ ማኅበር ነጯን ሚኒባስ የገዛ ሰሞን ፎፊዬ ባሏን፣ “ያንን ምድጃ አውጣና ለእናቴ እግሯን የምትዘረጋበት ወንበር ግጠምላት። ለአጃኮማ ቀብር ይድረስ” አለችው።

አጃኮማ የእማማ ኛንታቺዋ ተቀባይ ነበረች፤ አንዷ ስታወጣ ሌላዋ እየተቀበለች አብረው ያረጁ። ገና ኮረዶች ሳሉ፣ ቀድማ የሄደችውን የቀረችው በዜማ ልትሸኛት ተማምለዋል። አሁን አጃኮማ ከማምፖንግ ዳገት በላይ ባለ መንደሯ ተገንዛ የጓደኛዋን ቃል ትጠብቃለች።

ጄቢ ሥራውን ሲጀምር ሞተር ገጣሚው ጎረቤቱ ቦዋዲ መጥቶ በሩ ላይ ተደገፈ።

“አንተ ማሞቂያ ነቃይ! ለአማትህ ዙፋን እየሠራህ ነው አሉ።”

“አንተ ለአማትህ በርጩማ እንኳ መች ሠራህ?”

“እኔማ ስለምወዳቸው የሱዋሜ መኪና ላይ አላሳፍራቸውም።” ቦዋዲ ሣቀና ጆሮውን ተነሥቶ ወደሚሠራው ሞተር ጣለ። “ይሄ ሞተር የሷ አይደለም። ድምፁ የጭነት መኪና ነው።”

“የራሷማ ሞቶ ነው የተቀየረላት።”

“ማን ቀየረው?”

“እኔ ምን አውቄ? የፊቱ የናንተ፣ የኋላው የኔ።”

በሱዋሜ አንዱ በሌላው አይገባምና፣ ቦዋዲም እውነት ነው ብሎ ሄደ።

ሞተሩ እንደተነሣ ጄቢ ቱቦውን ሊቆርጥ ያዝ ቢያደርገው እጁን ለበለበው። ግራ ገባው። የማሞቂያው የውሃ መክፈቻ ተዘግቷል፤ ውሃው ወደ ኋላ የሚመጣበት ምክንያት የለም። ቱቦው ግን ትኩስ ነው፣ እንደሚመታ የደም ሥር። እጁ ነገረው፤ እሱ አልሰማም። ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ ጠበቀና እያንጎራጎረ ቆረጠው፤ ሁለቱንም አፍ በውታፍ ደፍኖ በላዩ የአማቱን ወንበር ገጠመ።

ቅዳሜ ጧት እስከ ዳገቱ ሥር መንገዱ መልካም ነበር። እማማ ኛንታቺዋ ከኋላ እግራቸውን ዘርግተው ያወጣሉ፣ ሴቶቹ ይቀበላሉ፦

እንቅልፍስ ይበቃል፣ ቀና በይ እንግዲህ፤
ማን ይቀበለኛል ስዘፍን ካንቺ ወዲህ።

ዳገቱ ሲጀምር ሹፌሩ አሲያማ የሙቀቱን መርፌ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። “ሙቀቷ እየጨመረ ነው፣ ጋሼ ጄቢ።”

“ዳገት ነው። ማን ዳገት ሲወጣ አይሞቀው?”

ንግግሩ ገና ከአፉ ሳይወጣ ነው ዘፈኑ የተቋረጠው።

በሩ ተከፈተ፤ ሴቶቹ እርስ በርስ እየተጋፉ ወረዱ። ጄቢ እንዴት እንደወረደ አያውቅም። እማማ ኛንታቺዋን ፎፊዬና ሌላ ሴት በእቅፍ አውጥተው ሣሩ ላይ አስቀመጧቸው። የቀኝ እግራቸው ቆዳ እንደ ተላጠ ጎደሬ ነጭና ቀይ ሆኗል። አልጮኹም። “ውሃ” ብቻ አሉ። ሴቶቹ ለመንገድ የያዙትን በፕላስቲክ ከረጢት የታሸገ ውሃ ከየቦርሳቸው እያወጡ ጥጉን በጥርሳቸው እየነከሱ በእማማ እግር ላይ አንቆረቆሩ፤ አንዱ ሲያልቅ ሌላው፣ አንዱ ሲያልቅ ሌላው።

ጄቢ ወደ ሚኒባሷ ተመልሶ ገባ። የኋላው ወለል ላይ ውታፉ ወድቋል፤ እንፋሎት ይተናል። አነሣው። አቃጠለው፣ ግን አልጣለውም።

“ምን ሆነ?” አለ አሲያማ ከደጅ።

“ምን ሆነ ትላለህ እንዴ!” ፎፊዬ መለሰችለት፤ ዓይኗ ግን ባሏ ላይ ነበር። “እናቴን ቀቀላት!”

አሲያማ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ቱቦዎቹን በዓይኑ ተከተለና ጄቢን በእጁ ጠራው። “እየው። ይህ ሞተር ለዚህ ገላ አልተሠራም፤ የውሃ መመለሻ አጥቷል። የገጠመው ሰው በኋላኛው ማሞቂያ በኩል አዙሮ አመጣለት። ውሃው ወጥቶ የሚገባው በዚያ ብቻ ነበር። አንተ ደፈንከው።”

ጄቢ በእጁ የያዘውን ውታፍ አየ። ያን ቀን መዳፉን የለበለበው ቱቦ፣ ያ የደም ሥር፣ አሁን ትዝ አለው። ስንት ሚኒባስ ዘግቷል? ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ልብ የተቀየረለት ነበር? በስንቱ ወንበር ላይ የማን እናት ተቀምጣለች?

ቅርብ ያለው ሐኪም ቤት ዳገቱ አናት ላይ ነው። የሚያልፉት መኪኖች ሁሉ ወደ ቀብር በሚሄድ ሰው ጢም ብለዋል። መውጣት ያለባት ይቺው ሚኒባስ ናት። ጄቢ ከአሲያማ ወንበር ሥር አሮጌ የጎማ ቱቦ አገኘ፤ ከኋላው ወለል ላይ ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ውታፍ ነቀለ፣ የሁለቱን ቱቦ አፍ በዚያ አገናኘ፣ ለውሃው መንገዱን መለሰለት። ፋሼታውን በካቻቪቴ አጠበቀ። በዚህ ጊዜ አላንጎራጎረም። ሞተሩ ሲበርድ ሴቶቹ ከመንገዱ ዳር ካለው ምንጭ ውሃ ቀድተው ሞሉ።

“ና፣ አንተ ልጅ” አሉ እማማ ኛንታቺዋ።

ሄዶ ፊታቸው ተንበረከከ።

“ብሞት ኖሮ ማን ያዜምልኝ ነበር? አጃኮማ እንደሆነች የለች።”

“እማማ፣ እኔ…”

“ዝም በል። ጫማህን አውልቅ።”

ደነገጠ። አወለቀ።

“አሁን እዚያ ወንበር ላይ ትቀመጣለህ። እግርህን እኔ ያስቀመጥኩበት ታስቀምጣለህ። እኔ ከፊት ነኝ። ውሃው አሁንም ከተቆጣ መጀመሪያ ካንተ ጋር ይነጋገር።”

አንዷ ሴት ሣቅ አመለጣትና አፏን በመዳፏ ያዘች። ፎፊዬ አልሣቀችም፤ የእናቷን እግር በረጠበ ጨርቅ እየጠቀለለች ነበር።

ሚኒባሷ ተነሣች። ጄቢ ባዶ እግሩን ከጎማው ቱቦ ጎን አድርጎ፣ በሁለት እጁ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ተቀመጠ። ዳገቱ በከበደ ቁጥር ቱቦው ሞቀ፤ በሞቀ ቁጥር ልቡ ድው አለች። ውሃው ከእግሩ ሥር ሲሄድ፣ ሲመለስ ይሰማዋል። ከፊት እማማ ኛንታቺዋ በሕመም በተሰበረ ድምፅ ያቺኑ ዜማ ከተቋረጠችበት አነሡ። ሴቶቹ ተቀበሉ።

ዳገቱ አናት ላይ የሐኪም ቤቱ ጣሪያ ታየ። ከዚያ ወዲያ፣ ከአጃኮማ መንደር፣ ከበሮ ይሰማል፤ አስከሬኑ ገና አልወጣም።

“ደረስን” አለ አሲያማ፣ ሞተሩን እያጠፋ።

ሴቶቹ አሮጊቷን ደግፈው ወረዱ። ጄቢ ግን እግሩን ከዚያ አላነሣም፤ ውሃው ጸጥ እስኪል እያዳመጠ ቆየ።