የጋሽ ጉተማ ጥቆማ

ኢንስፔክተር ጦቢያ በህጻናት ላይ የሚፈጸም ወንጀል መርማሪ ናት። ማታ ቢሮዋን ትዘጋለች እንጂ ሥራው ተከትሏት ቤት ይገባል። ካዛንቺስ መንገድ ላይ ልጅ የሚስም ሽማግሌ ካየች መታወቂያ ትጠይቃለች። ወንድሟ ለልጇ ለልዩ ከረሜላ ይዞ ቢመጣ ከየትና ለምን እንደገዛው አስለፍልፋ፣ ከረሜላውን ራሷ በላችው። ማን ይፈርድባታል? ቀኑን ሙሉ የምትሰማውን ለጠላትም አይመኙት።

ልዩን ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ሹፌርማ አይበረክትላትም። አንዱን «መስታወቱን ለምን ወደ ኋላ ወንበር አዞርከው?» ብላ እስኪያልበው አፋጠጠችው፤ ሰውየው ሚኒባሱን ሸጦ ጤፍ ንግድ ገባ። ዝናዋን ከላንቻ እስከ ወሎ ሰፈር ያልሰማ ሹፌር የለም። የቀሩላት ጋሽ ጉተማ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ከለቀቁ አበቃላት።

ጠዋት ጠዋት የልዩን ጫማ እያሰረች ታስጠናታለች።

«ሰው ካስፈራሽ?»

«ለማምነው ትልቅ ሰው እናገራለሁ።»

«ዝም በይ ቢልሽስ?»

«ያኔማ ሮጬ ነው የምናገረው!»

አንድ ቀን ጋሽ ጉተማ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቢሮዋ ከች አሉ። ሊለቁ ነው ብላ ክው አለች።

«ጥቆማ ልሰጥ ነው የመጣሁት» አሉ።

እፎይ ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

«አይዞዎት፣ ጋሼ። ልጅቷ ማን ናት?»

«ልዩ። ቤት ውስጥ የምታስፈራት ሰው አለች። ከእንቅልፏ እየቀሰቀሰች ‹ማን ነካሽ?› ትላታለች። አልጋ ሥር በባትሪ ትፈትሻለች። ሻወር ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ታለቅሳለች።»

«የቤት ሠራተኛችን ናት!» ጦቢያ ካቴናዋን ከመሳቢያ መዥረጥ አደረገች። «ዛሬ አለቀላት!»

ጋሽ ጉተማ መሬት መሬቱን አዩ።

«አንቺ ነሽ፣ የኔ ልጅ። ለምታምኚው ትልቅ ሰው ተናገሪ ተብያለሁ ብላ ነው የነገረችኝ።»

ጦቢያ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንባዋ ዝርግፍ አለ። ጋሽ ጉተማ መሀረብ ሲሰጧት ከየት እንዳመጡት እንኳ አልጠየቀችም።

ከሰዓት ልዩ ከሚኒባሱ ስትወርድ እናቷን አየችና ከጋሽ ጉተማ ኋላ ተደበቀች። ጦቢያ ቁጢጥ ብላ በየቀኑ ለሌላ ሰው ልጆች የምትለውን ለራሷ ልጅ አለች።

«ስለተናገርሽ ጎበዝ ነሽ። አምኜሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።»

ልዩ ብቅ አለች።

«አንቺስ፣ ማሚ? የሚያስፈራሽን ለማን ትናገሪያለሽ?»

ጦቢያ የልዩን የጫማ ክር ፈትታ እንደገና አሰረች።

በማግስቱ ኮፍያዋን በሁለት እጇ ይዛ የአለቃዋን በር አንኳኳች።

«ጥቆማ ልሰጥ ነው የመጣሁት» አለች።