በሩ ያለ ፋሲካ ገደፈ

ይርጋነሽን ያስቸገራት ነገር ይህ ነበር፦ ሞጣ የምታስተምራቸው ልጆች የዘይቤውን ስም ቶሎ ይጠራሉ፤ ዘይቤው ልብ ወለዱ ውስጥ ምን እንደሠራ ግን አንዳቸውም አይነግራትም።

አንድ ቀን ከአንድ አዲስ ልብ ወለድ መክፈቻ አነበበችላቸው። ታሪኩ የሚጀምረው ልጇ ለሥራ ወጥቶ የቀረባት እናት ቤት ነው፤ «በሩ እንደ ጾመኛ ከንፈር ደርቆ ተገጥሟል» ይላል።

የክፍሉ ፈጣን ሉሊት ብድግ አለች። «ሰሙ ጾመኛ፣ ወርቁ ቤቱ ኦና ነው፣ ቲቸር!»

ክፍሉ አጨበጨበ። የይርጋነሽ ደም ፈላ። በዚህ አገር የቅኔ ቤት ጥላ ያልነካው ልጅ የለም፤ ሰሙን ጥሎ ወርቁን ማውጣት ከእናት ጡት ጋር የተጠባ ነው። ልጆቹም ልብ ወለዱን እንደዚያው ያደርጉታል።

«ኦና ከሆነ ጸሐፊው ኦና ነው ብሎ አይገላገልም? ጾመኛ የሚበላው አጥቶ ነው የማይበላው?»

«እያለው ነው የሚተወው» አለች ሉሊት፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

«እስከ መቼ?»

«እስኪፈስክ።»

ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። ጾመኛ ከተባለ በሩ የተተወ አይደለም፤ ፋሲካውን የሚጠብቅ በር ነው። እናቲቱ የዘጋችው ልጇ መጥቶ እንዲከፍተው ነው። ልጆቹ ገና ባልደረሱበት፣ ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ታዲያ አንድ እንግዳ የልጇን መርዶ ይዞ ይመጣል። ጸሐፊው «እናቲቱ አለቀሰች» አይልም። «በሩ ያለ ፋሲካ ገደፈ» ይላል፤ በቃ። የመጀመሪያውን ዐረፍተ ነገር ተሸክሞ እዚህ የደረሰ አንባቢ መርዶውን ከእናቲቱ እኩል ይሰማል።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ስጦታው ግን የልብ ወለዱን መጻሕፍት ከልጆቹ ሰብስበው፣ ከውስጡ የተቆረጡ ዐረፍተ ነገሮችን ብቻ አባዝተው ሊያድሉ ተነሡ።

«ይርጌ፣ ልጆቹ ያለባቸው ፈተና ነው። ዘይቤው ይኸው ተለቅሞልሻል።»

«ጋሽ ስጦታው፣ እርስዎ የዶሮዋን ላባ ሰጥተውኝ ወጥ ሠርተሽ አብዪ ይሉኛል!»

«ምላስሽ የአባትሽ ነው» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ከቃላቸው ይልቅ አንገበገባት።

ቅዳሜ ቢቸና ሄዳ ቅኔ ለሚያስተምሩት አባቷ ለመምህር ኃይለ ሚካኤል ንዴቷን ዘረገፈችው።

«ወርቁ ከወጣ ሰሙ ቢፈስ ምን ቸገረሽ?» አሏት።

«አባዬ፣ እርስዎ የሚሉት ወርቁ ሲፈስበት ቀልጦ የሚወጣውን የአንጥረኛውን ሰም ነው። የእኔ የጧፍ ሰም ነው፤ እሱን ጥዬ ብርሃኑን ከየት ላምጣ?»

አባቷ አገጫቸውን አሻሹ። «ተማሪዎችሽን አስቸኩለሻቸዋል። በእኛ ቤት ቃሉን በቃሉ ያልያዘ ፍቺ አይጠየቅም።»

ይህኛው ደግሞ የባሰ አናደዳት፤ እውነት ነበራ! ዘይቤው ገና ሳይሰነብትባቸው ፍቺ የጠየቀችው ራሷ ናት።

አሁን የምትሞክረው ይህንን ነው። መጻሕፍቱ ተወስደዋል፤ የቀራት የራሷ አንድ ቅጂ ነው። ጠዋት ደወል ሳይደወል ልጆቹን ትሰበስብና ያቺን የበሩን ዐረፍተ ነገር በቃላቸው ታስይዛቸዋለች፤ ከዚያ ካቆመችበት ጮክ ብላ ታነባለች። «ወርቁ» የሚል ቃል የተነፈሰ ውጭ ይቆማል። ጋሽ ስጦታው ፈተና ከመድረሱ በፊት ካልጨረሰች ይህንንም እንደሚያስቆሙት ነግረዋታል፤ እሷም በንዴት ትፈጥናለች፣ መልሳ ደግሞ ንባቡ እንዳይረክስባት ትዘገያለች።

ትናንት ሉሊት እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ በሩ መቼ ነው የሚከፈተው? ልጁስ ይመጣል?»

«ቁጭ በይ! ገና ጾም ነው» አለቻትና ገጹን ገለጠች።