ጥልቁ ኩሬ

በድርቁ ዘመን ከመተማ ቆላ ተሰደን ሱዳን ውስጥ ሾዋክ አጠገብ መጠለያ ውስጥ እንኖር ነበር። የአትባራ ወንዝ በበጋ ይቆራረጥና ኩሬ ኩሬ ይሆናል፤ ዓሣው ሁሉ እዚያ ይታጎራል። ጋሼ የምላቸው የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ዕድሜያቸውን ሀገር ቤት ጓንግ ወንዝ ላይ ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩ ናቸው። ቆሮሶ የምትባለው ዓሣ እንቁላሏን በአፏ ይዛ እንደምትፈለፍል የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። አምባዛን ቅርፊት የለውም ብለን ሀገራችን ሳለን አንቀምሰውም ነበር፤ ረሃብ አስበላን።

ጥልቁን ኩሬ ግን ጋሼ ለማንም አላስነኩም። «ይሄ ዘር ነው። ክረምት ሲገባ ወንዙን የሚሞላው ከዚህ የሚወጣው ነው» ይላሉ። ያ ሁሉ የተራበ ሰው ሰማቸው።

አንድ ጠዋት፣ ከእኛ ቀድሞ መጥቶ ሱቅ የከፈተ የሀገራችን ሰው በመኪና መጣና የጥጥ ተባይ መድኃኒት ኩሬው ውስጥ ደፋበት። ረፋዱ ላይ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ተንሳፈፈ። ትልልቁን ጫነ፤ ጣት የሚያህለውን ተወው። ጋሼ መኪናው ፊት ቆሙ።

«ይህን ውሃ እኮ ሰው ይጠጣዋል» አሉት።

«ወንዙ የአባትህ ነው?» አላቸው፣ በዕድሜ ልጃቸው የሚሆን ሰው።

ጎረቤቴ ከተረፈው ለቅማ ቀቀለች። ተይ ብላት፣ «ልጆቼ ምን ይብሉ? ቆይ፣ እኔ ልቅመሰውና ካልጎዳኝ እሰጣቸዋለሁ» አለች። በሦስተኛው ቀን ቀበርናት።

ከቀብር መልስ፣ ኩሬው ዳር የደረቀውን ዓሣ በሰፌድ ሞልቼ ሾዋክ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩና ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። አፍንጫውን ይዞ «ማሌሽ» አለኝ፤ ምንም አይደለም ማለቱ ነው። እዚያ ሀገር ሰው ሲሞትም፣ ብርጭቆ ሲሰበርም ማሌሽ ነው።

«ኩል» አልኩት፤ ብላ ማለቴ ነው። ፖሊሶቹ ክንዴን ይዘው አስወጡኝ። ነጋዴውን የጠየቀው የለም።

ክረምት ውሃው ከሀገራችን ወርዶ ኩሬዎቹን አገናኛቸው። ጎርፉ ሲጎድል ጋሼ መረባቸውን ጣሉ። ቀኑን ሙሉ ውለው ያገኙት አንዲት ትንሽ ቆሮሶ ነበር፤ መልሰው ለቀቋት።

በዚያው ሰሞን የሟቿን ልጆች ይዤ ገበያ ስሄድ ነጋዴው ከሱቁ ደጃፍ ሆኖ «እንዴት ከረማችሁ?» አለኝ። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት አቃተኝ። ልጆቹን አስቀደምኩና ሳልመልስለት አለፍኩ። ዛሬም ባገኘው አልመልስለትም።