የእናቴ የቅቤ ቋጠሮ

ቅቤ እያሸገች የምትሸጠው ልጄ ባለፈው ሳምንት፣ «ለንግድ ምልክት ምዝገባ ምን አንከራተተኝ፣ እማዬ? የእኔን ቅቤ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል» አለችኝ። አፌ መረረኝ። እናቴም ይህንኑ ትል ነበር።

በደርግ ጊዜ፣ እኔ ሆሳዕና ሁለተኛ ደረጃ ስማር፣ እናቴ ለጋ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በቃጫ አስራ ትሸጥ ነበር። ወደ ጎን ያዘመመው ድርብ ቋጠሮዋ ከሩቅ ይለያል። ያንን ያየ ደንበኛ እንደታሰረ ይዞት ይሄዳል፤ ፈትቶ መቅመስ እንደ ስድብ ይቆጠራል። አስተሳሰሩን ታዲያ ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ዘነበች አስተማረቻት። ሁለቱም ሴቶች ቅቤ እያዋጡ በተራ የሚወስዱበት የዊጆ ማኅበር አባላት ነበሩ። የዊጆ እህት ጠይቃ እንዴት ትከለከላለች!

አንድ የክረምት ቀን ከዱራሜ በዚያ ጭቃ መንገድ ስትንገላታ የመጣች ደንበኛ ከቸርቻሪ የገዛችውን ጥቅል እናቴ እግር ስር ወረወረችው። ከላይ ስስ ቅቤ፣ ከስር የከብት ሞራና የተላቆጠ ሙዝ። ሽታው ዛሬም ከአፍንጫዬ አልጠፋም።

«በአራሷ ልጄ ገንፎ ላይ አፈሰስኩት! አታፍሪም?»

«ጌታ ያውቃል፣ የእኔ አይደለም» አለች እናቴ።

«ቋጠሮውስ የማን ነው?»

እናቴ ቋጠሮውን አገላብጣ አየችው። የማን ሥራ እንደሆነ ገብቷት ነበርና ወይዘሮ ዘነበችን የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ዘንድ ከሰሰቻት። ወይዘሮ ዘነበች ዓይኗን በጨው አጥባ፣ «ራሷ ናት ያስተማረችኝ» አለች። ዳኛው ፈገግ አለ።

«ጓዲት፣ ቋጠሮ የግል ሀብት አይደለም፤ የሰፊው ሕዝብ ነው።»

ያ ፈገግታ! ትፋበት ትፋበት አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ቋጠሮዋን የሚያምን ጠፋ፤ እናቴም ቅጠሉን ገልጣ ለመሸጥ ተገደደች። መንገደኛው ሁሉ ጣቱን ነክሮ ይልሳል፤ የላሰውን ጣት መልሶ ይነክራል፤ አንዳንዱ ንፍጡን በጠረገበት እጁ። ከዚያ ፊቱን አጨማዶ ሳይገዛ ይሄዳል። እናቴ የራሷን ቅቤ ተጸየፈች። እስክትሞት ድረስ ቆጮ በደረቁ በላች።

ይህን ሁሉ ለልጄ ነገርኳት።

«ሰው የሚያውቀው ምልክትሽን ነው» አልኳት። «ምልክቱን ደግሞ ማንም አስመስሎ ይሠራዋል። ዛሬ ከሳሽ የሚቆምበት ሕግ አለልሽ፤ ሂጂ አስመዝግቢ።»

በማግስቱ ሄደች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ንዴቴ አልበረደም። ወይዘሮ ዘነበች ሞራዋን ሸጣ ጨረሰች፤ ሽታው የቀረው በእናቴ ስም ላይ ነው።