የደምሴ እግር

መርዕድ በሰው ሀብት ቀንቶ አያውቅም። ክሪስታል ሲቲ ባለው ፓርኪንግ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ የማን መኪና በፊቱ አላለፈም! አንዱም ዓይኑን አልሳበውም። ስድሳ ሁለት ዓመት ሲሞላው ቅናት የያዘው በሰው እግር ነው፤ ያውም በደምሴ እግር።

ደምሴ የሥራ ባልደረባው ነው። ስኳር እንዳለባቸው የተነገራቸው በሦስት ወር ልዩነት ሲሆን መጀመሪያ መርዕድ፣ ቀጥሎ ደምሴ ነበር። “እዚህም ተከትለኸኝ መጣህ?” ብሎት ነበር ያኔ መርዕድ። ዓመታት ሲያልፉ የሁለቱም እግር ከቁርጭምጭሚት በታች እየደነዘዘ ሄደ። ሐኪሞቹም ለሁለቱም የነገሯቸው አንድ ነገር ነው፦ እግርህ ቢቆስልም ቢቃጠልም አይነግርህምና በየቀኑ ዓይን ይየው።

የመርዕድን እግር የሚያየው የሚስቱ የዓለምዘርፍ ዓይን ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማቸው ሲገባ ሶፋው ላይ ታስቀምጠውና እግሩን ጭኗ ላይ ትዘረጋዋለች። መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አውርዳ ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ታያለች። ውሃ ስታቀርብ አስቀድማ ክርኗን ትነክራለች፤ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው። የጣቶቹን መሐል በፎጣ ጫፍ ታደርቃለች፤ ቅባት ተረከዙን ታስነካዋለች እንጂ የጣቶቹን መሐል አታስነካም። ነጭ ካልሲ ካልሆነ አትገዛለትም፤ ደም ቢኖር ቶሎ እንዲታያት። ጫማውንም ሳያጠልቅ በፊት እጇን ከታ ትዳብሰዋለች። አንድ ቀን ከውስጡ የጠርሙስ ክዳን አወጣች።

“ይኸን ረግጠህ ነው ቀኑን ሙሉ የዋልከው?”

“እኔ ምን አውቄ!”

“አንተማ ምን ታውቃለህ” አለችና ክዳኑን አፍንጫው ሥር ይዛ ሳቀችበት።

ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ የዓለምዘርፍ ወጥ ቤት ውስጥ ወደቀች። ስኳር የለባት፣ ግፊት የለባት። አምቡላንሱ በዘጠኝ ደቂቃ ደረሰ፤ ልቧ ግን አልጠበቀም።

ከዚያ ወዲያ የመርዕድን እግር ያየ የለም። ራሱ መርዕድ እንኳ። ሲታጠብ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ከስንፍና አልነበረም። ጎንበስ ብሎ ቢያየው የሷን ቦታ ለሌላ ሰው የሰጠባት ይመስለዋል፤ ያ ሌላ ሰው እሱ ራሱ ቢሆንም። ልጃቸው ማቲያስ ከቴክሳስ እየደወለ “አባዬ፣ እግርህን ቼክ እያደረግህ ነው?” ሲለው “እየታየ ነው” ይላል። ማን እንደሚያየው አይናገርም። ከቀብሩ ጀምሮ ጥቁር ነው የሚለብሰው። ካልሲውም ጥቁር ሆነ። የሚስቱን ሐዘን በነጭ ካልሲ ማን ይወጣል?

ደምሴ ግን ሚስት አለችው። ከሩሃማ ጋር ከፓርኪንጉ ብዙ በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ነው የሚኖሩት። በአንድ ሺፍት ውስጥ “ሩሃማ” የሚለውን ስም አሥራ አንድ ጊዜ ጠርቷል፤ መርዕድ አንድ ቀን ቆጥሮበታል።

“ትናንት ሩሃማ ምን እንዳገኘችብኝ ታውቃለህ?” ይልና ስልኩን ያወጣል። ሰው የልጅ ልጁን ፎቶ እንደሚያሳይ፣ ደምሴ የውስጥ እግሩን ፎቶ ያሳያል። “ይቺን ቀይ ነጥብ እያት። እኔ ባያት ምንም አትመስለኝም ነበር። እሷ ግን ወዲያው ዶክተሩን ኮል አደረገችው።”

“እና ምን አለ?”

“የካልሲ ስፌት ነው አለ።”

“ለካልሲ ስፌት ነው ሰውዬውን የረበሻችሁት?”

“አንተ ሰው፣ ቀናህ እንዴ?” ብሎ ደምሴ በሳቅ ፈረሰ።

እንደ ቀልድ የጣላት ቃል ናት። የመርዕድ ጆሮ ግን ጋለ። መኪና የሚያይ መስሎ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደና እዚያው ቆየ። ፎቶው ላይ ያየው ቀዩዋን ነጥብ አልነበረም። ከተረከዙ ሥር ደግፎ የያዘውን የሴት እጅ ነበር።

በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ ሲወጡ ደምሴ ያዘው። “ሐሙስ ለእግር አጠባው ትመጣለህ አይደል? እኔ እንኳ ረቡዕ ሩሃማ ታሰናዳኛለች፤ አባ እንዳይጸየፉኝ።”

በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመናኑን እግር በወይራ ቅጠል ያጥባሉ። ሰውም ለመታጠብ ከመሄዱ በፊት ቤቱ ታጥቦ ይሄዳል፤ የቆሸሸ እግር ለካህን ማን ይሰጣል? መርዕድ ቤቱ ገብቶ ይኸን ሲያስብ ዋለ። እሱና ደምሴ ጎን ለጎን ተቀምጠው፣ የደምሴ እግር ለስልሶ፣ ጥፍሩ ተከርክሞ ታየው። የእሱ ደግሞ ስድስት ወር የተረሳ። ሰው “ምስኪን፣ የዓለምዘርፍ ከሞተች ወዲህ” ይላል። ደምሴም ያያል።

ሰኞ የዕረፍት ቀኑ ነበር። ከቀትር በኋላ ውሃ አፈላና ሳፋ ውስጥ ገለበጠ፤ ጨው ነሰነሰበት። ድካምም እድፍም በትኩስ ውሃና በጨው ይወጣል ሲባል ነው ያደገው። ቀዝቃዛ ጨመረበት፤ ምን ያህል እንደሆነ ግን አልለካም። ክርኑን አልነከረም። አርባ ደቂቃ ያህል ቴሌቪዥን እያየ፣ ለአባ የሚሰጠውን ቀኝ እግሩን ነክሮ ተቀመጠ። ከዚያ የደደረውን ቆዳ በዳበሳ በምላጭ ላጨው። ምንም አልተሰማውም። አለመሰማቱን እንደ ደኅንነት ቆጠረው።

ማክሰኞና ረቡዕ ከሥራ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ሰገደ። ምንጣፉ ላይ በካልሲ ወድቆ ሲነሣ ሰውነቱ ሁሉ የሚያርፈው በጣቶቹ ሥር ነበር። ካልሲው ረጥቧል። ጥቁር ነውና የታየ ነገር የለም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9፣ አሌክሳንድሪያ ያለው ቤተ ክርስቲያን ሞልቶ ነበር። ወንዶቹ በወንበር ተደርድረው ሲጠብቁ ደምሴ ከመርዕድ በስተግራ ተቀመጠ። አባ ኪራኮስ በግራ በኩል ጀምረው መጡና መጀመሪያ ደምሴ ፊት በርከክ አሉ። እግሩን ሲያዩ ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

“እሰይ! የሙሽራ እግር!”

“የሩሃማ ሥራ ነው፣ አባ” አለ ደምሴ።

መርዕድ ጥርሱን ነከሰ። በዚያ ቀን፣ በዚያ ቦታ፣ ልቡ ውስጥ የነበረው ጸሎት አልነበረም። ከዚህ ሰው ላይ አንድ ነገር በጎደለበት የሚል ክፉ ሐሳብ ነበር። በሐሳቡ ሳያፍር በፊት ተራው ደረሰ።

ካልሲውን ሳበው፤ እምቢ አለ። አጥብቆ ሳበው። ተላቆ ሲመጣ የቆዳ ቁራጭ ይዞ መጣ። አባ ኪራኮስ እግሩን ከሳፋው በላይ ይዘው የወይራውን ቅጠል ሊያስነኩት ሲሉ ውሃው ላይ ደም ጠብ ጠብ አለ። እጃቸው ቆመ።

“ልጄ፣ ይኸ ምንድን ነው?”

“ምኑ፣ አባ?”

“አላየኸውም?”

“አላየሁትም።”

“አያምህም?”

“አያመኝም።”

“እግርህን የሚያይልህ ማነው?”

ደምሴ አንገቱን አስግጎ አየና ወዲያው ፊቱን አዞረ። አባ ውሃውን አስወሰዱና እግሩን በንጹሕ ፎጣ ጠቀለሉት።

“አሁኑኑ ሐኪም ቤት።”

“ነገ እኮ ስቅለት ነው፣ አባ። ስግደቱ…”

“ስቅለት በየዓመቱ ይመጣል። እግር አንዴ ከሄደ አይመጣም። ስግደትህን እኔ እሰግድልሃለሁ። ደምሴ፣ መኪና አምጣ።”

ሐኪም ቤት ሲሄዱ፣ ሦስተኛው መብራት ላይ ደምሴ መታገሥ አልቻለም።

“ስምንት ሰዓት አብረን ቆመን እየዋልን! ምን ነበረበት ብትነግረኝ?”

“ምን ልበልህ? ሩሃማን አውሰኝ ልበልህ?”

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ደምሴ አልነዳም፤ ከኋላ ክላክስ ተነፋበት።

“እኔ እኮ” አለ በመጨረሻ፣ “ዝም ስትለኝ ትዕግሥተኛ ነህ እያልኩ ነበር። ለሩሃማም ‘መርዕድ ራሱን ችሎ ይዟል’ ብያት ነበር። ብትለኝ በየቀኑ ታይልህ ነበር።”

“የሷን ዓይን አልፈልግም አልኩህ!”

“የማንን ነው እንግዲያ?”

“ንዳ!” አለ መርዕድ።

ሐኪሟ ቁስሉን አይታ ቃጠሎ ነው አለች፤ በላዩ ላይ ምላጭ የቆረጠው፣ በዚያ ላይ ኢንፌክሽን። በዚያች ሌሊት ራጅ ተነሥቶ አጥንቱ እንዳልተነካ ታወቀ። ሌላ ሦስት ቀን ቢቆይ ኖሮ ግን የምትነጋገረው ስለ ቁስል ሳይሆን ስለ ጣቶች ብዛት እንደነበር ሳታለሳልስ ነገረችው። ስቅለትን በመርፌ፣ ፋሲካን በአልጋ ዋለ። ማቲያስ ቅዳሜ በአውሮፕላን መጣ፤ አባቱ የዋሸውን ሁሉ ሰምቶ አልተቆጣም፤ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆሞ ቆየ። እሑድ ማታ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ሰኞ የመውጫው ቀን ሆነ። ነርሷ ኢስራ የምትባል የአገር ልጅ ናት፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛ መጣች። ደምሴና ሩሃማ ሊወስዱት መጥተው ቆመዋል።

“ጋሼ፣ ቁስሉን የሚጠብቀው ቦት ጫማ ለስድስት ሳምንት አይወልቅም፤ ነርስ ፋሻውን ልትቀይር ስትመጣ ብቻ። ቤት ውስጥም በባዶ እግር የለም፤ ምንጣፍ ላይም ቢሆን። ሌላው እግር ደግሞ በየቀኑ ይታያል። የሚያይልዎትን ሰው ስም ይስጡኝ።”

“የኔን ጻፊ” አለች ሩሃማ። “ጋሽ መርዕድ፣ በየማታው ከደምሴ ጋር መጥቼ አያለሁ። እንዳይሳቀቁ።”

“እግዜር ይስጥሽ፣ ሩሃማ። አይሆንም።”

“አንተ ግትር!” አለ ደምሴ። “እግርህን ለኩራትህ ልትቆርጠው ነው?”

“ስም ካልሰጡኝ አልለቅዎትም” አለች ኢስራ።

ሦስቱም አዩት። መርዕድ ስም ፈለገ። አንድ ስም ብቻ ነው የሚመጣለት፤ እሱን ደግሞ ወረቀት ላይ መጻፍ አይቻልም። የዚያች ሴት ቦታ ባዶ ሆኖ እንዲቆይላት ሲጠብቅ ስድስት ወር ሆነው። የጠበቀላት ነገር እግሩን ሊበላው ነበር። እሷ ብታየው ምን እንደምትለው ያውቃል፤ ስድቧንም ጭምር።

“መርዕድ ብለሽ ጻፊ” አለ።

“ራስዎ?”

“ራሴ።”

“እንግዲያው ያሳዩኝ” አለችና ረጅም እጀታ ያለው መስታወት ሰጠችው።

ግራ እግሩን ጉልበቱ ላይ አወጣ። መስታወቱ መጀመሪያ ጣሪያውን፣ ከዚያ የደምሴን አገጭ አሳየው። ሲያስተካክለው የውስጥ እግሩ መጣ፤ ገርጥቶ፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቆ፣ የማያውቀው ሰው እግር መስሎ። ዓይኑን ግን አላነሣም።

“ምን ያያሉ?”

“ተረከዙ ላይ ሁለት ስንጥቅ። አንዱ ደርቋል፤ አንዱ አልደረቀም። ከአውራ ጣቱ ሥር ደድሯል።”

“ጣቶቹ መሐልስ?”

መስታወቱን አስቀምጦ ጣቶቹን በእጁ ፈለቀቀ፤ አንደኛውን፣ ሁለተኛውን። ሦስተኛው ላይ ቆመ። ሩሃማ ወደ መስኮቱ ዞረች። ደምሴ ግን አላስቻለውም፤ ከላዩ አጎንብሶ፣

“ከትንሿ ጣት ጎን ነጣ ያለ ነገር አለ፣ አየኸው?” አለ።

“አይቼዋለሁ። ዞር በል፣ ብርሃኑን ጋረድክብኝ።”