የወደቀችውን ማንም አያንሳት

ዴር ግባር በሚባል የአረብ አገር ሰፈር በቤት ሠራተኝነት ተቀጥሬ የምኖርበት ቤት ልጅ ለኮሌጇ ቅርጫት ኳስ ትጫወታለች። ዘንድሮ አዲስ አሰልጣኝ መጣችባቸውና ውድድሩን በሽንፈት ላይ ሽንፈት ጀመሩት። ልጅቷ ከልምምድ ስትመለስ ጉልበቷን በሙቅ ውሃ እያሸሁ አሰልጣኟን እረግማለሁ። "የወደቀችውን ማንም አያንሳት፣ ራሷ ትነሳ" ትላቸዋለች አሉ። ምን ዓይነት አንጀት ነው?

አንድ ቀን ማዳም ጨዋታ ልታይ ስትሄድ እኔንም ይዛኝ ሄደች። ቡድኑ እንደለመደው እየተመራ ሳለ ልጅቷ ተደናቅፋ በደረቷ ተደፋች።

"እኔን!" ብዬ ከመቀመጫዬ ዘለልኩ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማዳም አፍራ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ልጅቷ ግን እዚያው ወለሉ ላይ እንዳለች ሳቀች፤ ትንሽ ሆና በወደቀች ቁጥር የምላት ይህንኑ ነበር።

ተሸነፉ። ስንወጣ አሰልጣኟ ምን ብዬ እንደጮህኩ ልጅቷን ጠየቀቻት።

"በአንቺ ፈንታ እኔ ልውደቅ ማለት ነው" አለቻት በአረብኛ።

አሰልጣኟ ከላይ እስከ ታች አየችኝ። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩላትም።

በሚቀጥለው ጨዋታ የቡድኑን የውሃ ጠርሙሶች ተሸክሜ ስወጣ ደረጃው ላይ አዳለጠኝና ወደቅኩ። ወዲያው ከኋላዬ "እኔን!" የሚል ጩኸት መጣ። ልጃገረዶቹ ሁሉ ናቸው። በሰው አገር ስንቴ ወድቄ ብቻዬን ተነስቻለሁ! ቀና ስል ግን አንዲት ሴት ክንዴን ይዛ እያነሳችኝ ነበር።

አሰልጣኟ ነበረች።